የጠረጴዛው ባቡር ለምን ይንገጫገጫል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ደብዳቤ ከላኩልኝ መካከል ከአንድ በቀር ባቡሩ ጭራሽ አልንቀሳቀስ ያለው ሰው የለም። የሌሎቹ ሁሉ ባቡር ይሄዳል፤ ግን እየተንገጫገጨ፣ እየቆመ፣ ከሀዲድ እየወጣ ነው። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ፤ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ በመካኒክነት የሠራሁ፣ አሁን ጀርመን አገር ጡረታዬን ኬለር (ምድር ቤት) ውስጥ ከትንንሽ ባቡሮች ጋር የምገፋ ሰው ነኝ። ወርክሾፕ ሳለን ሎኮሞቲቭ አስቸገረ ሲባል አለቆቻችን ቀድመው የሚጠይቁት "ስንተኛው ኪሎሜትር ላይ?" ብለው ነበር። እኔም እናንተን ቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጡረታ የወጣሁ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቤዝመንት ውስጥ 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የኤችኦ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንስ መጠን) ባቡር ሠርቻለሁ፤ መቆጣጠሪያው ዲጂታል ነው። ሎኮሞቲቩ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ጥሩ ይሄዳል። ማዶው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ይቆማል፤ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ይነሳል። ሀዲዱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ ትንሽ ተሻለውና መልሶ ባሰበት። ሞተሩን ላስቀይር ወይስ ሌላ ሎኮሞቲቭ ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉት፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ሞተር ቦታ አይመርጥም። ባቡሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የሀዲዱ ነው፤ የሚቆምበት ቦታ በየዙሩ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ የሎኮሞቲቩ ጎማ ቆሽሿል፣ ወይም ከጎማው ኤሌክትሪክ የምትቀበለው ቀጭን የብረት ምላስ ጎማውን በደንብ አትነካም። የእርስዎ የመጀመሪያው ነው፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ደግሞ ሁለተኛውን ሳይጨምርበት አልቀረም።

መጀመሪያ ቦታውን እናግኝ። ማታ የክፍሉን መብራት ያጥፉ። ውስጡ ተራ አምፖል ያለበት አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ ካለዎት ከሎኮሞቲቩ ኋላ ቀጥለው በዝግታ ያስኪዱት። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ባለበት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ እዚያ ሀዲዱ ቆሽሿል ወይም ማያያዣው ላልቷል። አምፖሉ ብልጭ ሳይል ቀስ በቀስ እየደበዘዘ የሚሄድ ከሆነ ግን ጉዳዩ ቆሻሻ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየደከመ ነው። በቴስተርም ማረጋገጥ ይቻላል። ሎኮሞቲቩ እየሄደ ሳለ መጀመሪያ መቆጣጠሪያው ጋ፣ ከዚያ ማዶው ግድግዳ ጋ ይለኩ። ተራ ቴስተር የዲጂታሉን ቮልት በትክክል አያነብም፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ማዶው ላይ አንድ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ድካሙ የሚመጣው ከማያያዣዎቹ ነው። ሁለት ሀዲድ የምታጋጥመው ያቺ ትንሽ ቆርቆሮ ሀዲዱ እንዳይጣመም ትይዛለች እንጂ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ማሻገር ሥራዋ አይደለም። በነቀሏትና በመለሷት ቁጥር ትላላለች፤ የቤዝመንት እርጥበት ይገባባታል፤ ሀዲዱን ዝገት ለማስመሰል ቀለም ከቀቡት ቀለሙም ይሰርግባታል። እርስዎ ጋ አሁን የማዶው ግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ማያያዣ ሁሉ ውስጥ አልፎ ነው።

መድኃኒቱ ከጠረጴዛው ሥር ነው። ከመቆጣጠሪያው ተነስቶ ጠረጴዛውን የሚከተል ጥንድ ወፍራም ሽቦ ይዘርጉ፤ አሜሪካ ሽቦ በቁጥር ስለሚሸጥ 14 ቁጥር ይጠይቁ፣ 2 ሚሊሜትር ካሬ ያህል ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ የሀዲድ ቁራጭ ቀጭን ሽቦ፣ 20 ወይም 22 ቁጥር፣ ወደ ታች አውርደው ከወፍራሙ ጋር ያያይዙ። አንዱን ቀይ፣ ሌላውን ጥቁር ያድርጉና ቀለሙን እስከ መጨረሻው አይለዋውጡ፤ ቀይና ጥቁር አንድ ቦታ ላይ ከተምታታ ለማግኘት ቀን ይፈጃል።

ሽቦውን በስታኞ ሲበይዱ ከሀዲዱ በውጭ በኩል ይሁን፤ በውስጥ በኩል የጎማው ከንፈር ስለሚያልፍ ይመታዋል። የሀዲዱን ጎን በሞረድ ጫፍ ጫር ያድርጉና ስታኞ አስቀድመው ያልሱት፤ ሽቦውንም እንዲሁ። ከዚያ ከሚበይዱበት ግራና ቀኝ በውሃ የራሰ ጨርቅ ሀዲዱ ላይ ያስቀምጡ። ጨርቁ ሙቀቱን ስለሚመጠው የፕላስቲክ አግዳሚዎቹ አይቀልጡም። ብየዳው ሁለት ሰከንድ እንጂ አሥር ሰከንድ መፍጀት የለበትም፤ ትንሽ ዋት ያለው መበየጃ ቶሎ ስለማይግል ብዙ ያቆይዎታል፣ ያን ጊዜ ነው ፕላስቲኩ የሚበላሸው።

ሲጨርሱ በሳንቲም ይፈትኑ። ኳርተር ያውጡና ሁለቱን ሀዲድ አገናኝቶ እንዲተኛ ሀዲዱ ላይ ያስቀምጡት፤ በየሜትሩ እየዞሩ ያድርጉት። መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ወዲያው መቁረጥ አለበት። የማይቆርጥበት ቦታ ካገኙ እዚያ ሽቦው ወይም ብየዳው ደካማ ነው። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ሎኮሞቲቭ እዚያ ቦታ ከሀዲድ ወጥቶ ሁለቱን ሀዲድ ቢያገናኝ መቆጣጠሪያው ሳይቆርጥ ይቀርና ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የብርጭቆ ወረቀቱን ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። ዛሬ የሚሸጠው ሀዲድ አብዛኛው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ላዩ ልሙጥ ሆኖ ነው የሚመጣው። ብርጭቆ ወረቀት ሲያልፍበት ቀጫጭን ቦይ ያወጣበታል፣ አቧራና ዘይት እዚያ ቦይ ውስጥ ይተኛል። የተሻለው ባለ70 ከመቶው ሳይሆን ባለ91 ከመቶው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ በማይበጣጠስ ጨርቅ ሀዲዱን ይጥረጉት። አሁን የተጫረውን ልሙጥ ለማድረግ ደግሞ የማይዝግ ብረት ዋሸር ወስደው በጠፍጣፋ ጎኑ ሀዲዱን ጫን ብለው ደጋግመው ያሹት። ሰፍነግ ብረት ግን እንዳያስቡት፤ ብናኙ ሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ይሰበስበውና ያኔ በእርግጥ ሞተር ያስቀይራሉ።

ጎማዎቹንም ያጽዱ። የወጥ ቤት ወረቀት በሁለቱ ሀዲድ ላይ በአግድም ያንጥፉና በአልኮል ያርጥቡት። የሎኮሞቲቩን ግማሽ ጎማ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹን ንጹሕ ሀዲድ ላይ አድርገው በእጅዎ ይያዙትና ያስኬዱ። በንጹሑ በኩል ኤሌክትሪክ እየተቀበለ በወረቀቱ ላይ ይሽከረከራል፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ሲወጣ ያያሉ። ወረቀቱን ወደ ንጹሕ ቦታ ሳብ አድርገው ይድገሙ፤ መስመሩ እስኪነጻ። ከዚያ ሎኮሞቲቩን አዙረው ሌላውን ግማሽ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ማያያዣዎቹን ሁሉ በስታኞ አይድፈኑ። ክረምትና በጋ የ20 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 5 ሜትር ሀዲድ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንጨቱ ደግሞ በእርጥበት ከዚያ በላይ ይንቀሳቀሳል። መሄጃ ካላገኘ ይጎብጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ሽቦ ስላለው አንዳንዱን መጋጠሚያ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ከፍተው ቢተዉት ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም። ቤዝመንቱ ውስጥ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ካለ ለባቡሩም ለጉልበትዎም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከአሜሪካ ለልጄ የባቡር ሴት ላከችለት። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን በባትሪ ድንጋይ ስንሞክረው ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ከካርቶኑ ጋር የመጣው ትራንስፎርመር 120 ቮልት ይላል፤ ጎረቤታችን "ስፒናውን ብቻ ቀይሪና ሰኪው" አለኝ። ልሰካው? (እናት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳይሰኩት! ስፒና መቀየር ሶኬቱ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል እንጂ ቮልቱን አይቀንሰውም። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለ120 የተሠራ ትራንስፎርመር እጥፍ ሊባል ትንሽ የቀረው ይደርሰዋል። ወይ ወዲያው ይጨሳል፣ ወይ በሚወጣው በኩል እጥፍ እየላከ ሞተሩን ያቃጥላል። ልጅ በሚነካው ዕቃ ላይ ይህን መሞከር የለም።

ትራንስፎርመሩን ገልብጠው የተጻፈውን ያንብቡ። "100–240" የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው የስፒና አስማሚ የሚበቃው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ መቀነሻ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገዝቶ በመካከል ማስገባት ነው። መቀነሻው የሚችለው ዋት ባቡሩ ከሚፈልገው እጥፍ ይሁን፤ የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ለእነሱ የተሠራ ትራንስፎርመር እኛ ጋ ትንሽ አብዝቶ ይሞቃል። ልጁ ሲጨርስ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ሁለተኛው መንገድ፣ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሣጥንና ከግድግዳ የሚሰካው ኃይል ሰጪ የተለያዩ ከሆኑ፣ ኃይል ሰጪውን ብቻ መቀየር ነው። የሚወጣው ቮልት እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የፕላስና የማይነሱ አቀማመጥ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ወደ መደብር ሲሄዱ የድሮውን ይዘው ይሂዱና ያስተያዩ፤ በቃል አይጠይቁ።

ምንጣፉን በተመለከተ፣ ባቡሩ ትንሽ ሄዶ የሚቆመው ባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ብቻ አይመስለኝም። ምንጣፍ ሀዲዱን ያወዛውዘዋል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ክሩ ደግሞ በጎማው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ሎኮሞቲቩን ገልብጠው በብርሃን ይዩት፤ ከጎማዎቹ ኋላ ፀጉርና ክር ታገኛላችሁ። በመርፌ አንስተው በወረንጦ ይሳቡት፤ በመቀስ አይቁረጡት፣ ቁራጩ ወደ ማርሹ ይገባል። ከዚያ አንድ ሉህ ኮምፔርሳቶ ወይም ችፑድ አስቆርጠው ሀዲዱን እዚያ ላይ ይዘርጉ። ጨዋታው ሲያልቅ አልጋ ሥር ይገባል፤ አሮጌ አንሶላ ካለበሱት የአዲስ አበባ የበጋ አቧራም አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃይፋ የምኖር የ15 ዓመት ልጅ ነኝ። ሎኮሞቲቬ ደህና ይሄዳል፤ ፉርጎዎቹ ግን መቀያየሪያው (መስመሩ ለሁለት የሚከፈልበት ሀዲድ) ላይ ከሀዲድ ይወጣሉ፣ በተለይ ወደ ኋላ ስገፋቸው። ሁሉም ፉርጎ አይደለም፤ ሁለቱ ሁልጊዜ፣ ሌሎቹ አንዳንዴ።

መልስ፦ ጎበዝ! ለይተህ ነው የጻፍከው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ የሚወጡት ጥፋቱ ራሳቸው ዘንድ ነው፣ ሌሎቹ አንዳንዴ የሚወጡት ደግሞ መቀያየሪያው ዘንድ። ለየብቻ እንያቸው።

ሁለቱን ፉርጎዎች ገልብጣቸው። ካሊፐር ካለህ በአንድ ዘንግ ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች ጀርባ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። በኤችኦ ሀዲዱ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የጎማዎቹ ጀርባ ለጀርባ ደግሞ 14.3 ወይም 14.4 ሊሆን ይገባል። ጠባብ ከሆነ ጎማው መቀያየሪያው ውስጥ ያለውን መምሪያ ሀዲድ ይወጣበታል፤ ሰፊ ከሆነ ሀዲዶቹ ተሻግረው የሚሾሉበትን ሹል ይመታዋል። የብረት ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ላይ ተጠቅጥቀው የገቡ ናቸው፤ አንዱን በጣትህ እያሽከረከርህ ሳብ ወይም ገፋ ብታደርገው ይንቀሳቀሳል። ቀጥ አድርገህ አትጎትት፤ ይወላገዳል። ከዚያ ጎማውን ጠረጴዛ ላይ አንከባለውና ከጎን እየው፤ እየተወዛወዘ የሚሄድ ከሆነ ጣለው።

ቀጥሎ ክብደት። የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ሰዎች ማኅበር የሚመክረው ልክ አለ፤ ለኤችኦ ፉርጎ 28 ግራም መነሻ፣ ከዚያ በየ2.5 ሴንቲሜትር ርዝመቱ 14 ግራም ገደማ። 15 ሴንቲሜትር ፉርጎ ከ110 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። የእናትህን የወጥ ቤት ሚዛን ተበድረህ መዝን። የጎደለውን በዳዶ ሙላ፤ ዳዶዎቹን ወለሉ ላይ፣ መካከል ላይ፣ በሙጫ ለጥፍ። ከጣሪያው ሥር ብታንጠለጥለው ኩርባ ላይ ይገለብጠዋል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር። ፉርጎው ሁለት ቦጊ (ጎማዎቹን የሚይዝ፣ ከሥሩ የሚዞር ክፈፍ) አለው፤ እያንዳንዱ በአንድ ቪቲ ተይዟል። ሁለቱንም ብታጠብቃቸው ሀዲዱ ትንሽ ሲጠማዘዝ አንዱ ጎማ በአየር ላይ ይቀራል፣ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ የፈለገው ቦታ ይሄዳል። ሁለቱንም ብታላላቸው ፉርጎው ይንገዳገዳል። ስለዚህ አንዱን ግራና ቀኝ ብቻ እንዲዞር እስኪሆን አጥብቀው፤ ሌላውን ደግሞ ግማሽ ዙር አላላው፣ እንዲዞርም ወደ ጎን እንዲዘነብልም። ባለሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢጎረብጥም እንደማይንቀጠቀጠው ነው። ፉርጎውን መስታወት ላይ አስቀምጠህ ከአንዱ ጎማ ሥር የታጠፈ ወረቀት ብታስገባ የሌላው ቦጊ አራቱም ጎማዎች መስታወቱን እየነኩ መቅረት አለባቸው። ድሬዳዋ ጎማውን በመዶሻ መትተን ድምፁን እንሰማ ነበር፤ ለአንተ ወረቀቷ ትበቃሃለች።

መቀያየሪያውን በጥፍርህ መርምረው። የሚንቀሳቀሰው ቀጭን ሀዲድ ከዋናው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ጥፍርህን ጎማው በሚሄድበት አቅጣጫ አሳልፈው። ጥፍርህን የያዘው ነገር ጎማውንም ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ አንዲት የጠጠር ቅንጣት ገብታ ነው የማትዘጋው፤ በጥርስ መፋቂያ አውጣት። ንጹሕ ሆኖም ከያዘህ ጫፉን በደቃቅ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሳም አድርገው። ውሃ ልክም ጣልበት፤ መቀያየሪያ ከሁሉ በላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል።

ስትገፋ የሚብስበት ምክንያት አለው። ስትጎትት ፉርጎዎቹ ቀጥ ይላሉ፤ ስትገፋ ግን ማያያዣቸው ወደ ጎን ይገፋፋል፣ ግራ ኩርባ ወዲያው ቀኝ ኩርባ በሚከተልበት ቦታ ደግሞ ይህ ይበረታል። ሁለት መቀያየሪያ ተጋጥመው ከሆነ ያንኑ ዓይነት ኩርባ ሠርተሃል። በመካከላቸው ከረጅሙ ፉርጎህ የማያንስ ቀጥ ያለ ሀዲድ አስገባ። ቦታ ከሌለህ ረጅሞቹን ፉርጎዎች በዚያ በኩል አትግፋ፤ ትልቁም ባቡር መግባት የሌለበት መስመር አለው።

ጥያቄ፦ ከሽቱትጋርት። ከፍሎህማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) የድሮ የሜርክሊን ሎኮሞቲቭና ፉርጎዎች በርካሽ ገዛሁ። እኔ ባለኝ ባለሁለት ሀዲድ መስመር ላይ ሳስቀምጠው መቆጣጠሪያው ይቆርጣል። ተበልቼ ነው?

መልስ፦ አልተበሉም፤ ዕቃው ከሌላ ቤተሰብ ነው። እርስዎ ካሉበት ከተማ ሩቅ ባልሆነችው ጎፒንገን የሚገኘው ይህ ፋብሪካ በኤችኦ ከሌሎቹ በተለየ መንገድ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ሀዲዶች አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ሌላው በመካከል ባሉ ትንንሽ ነጥቦች ይመጣና ከሎኮሞቲቩ ሥር ያለ ረጅም ሸርተቴ ይቀበለዋል። ስለዚህ የፉርጎዎቹ ግራና ቀኝ ጎማ በዘንጉ በኩል ተገናኝቷል። በእርስዎ መስመር ላይ ሲያስቀምጡት ፕላስና ማይነሱን ያገናኛል፤ መቆጣጠሪያው መቁረጡ ትክክል ነው።

ፉርጎዎቹን ለማዳን ቀላል ነው፤ ለባለሁለት ሀዲድ የሚሆን፣ በመካከሉ የተከለለ ጎማ ከነዘንጉ ይሸጣል፤ በጣት ተስቦ ይወጣል፣ በጣት ይገባል። ሎኮሞቲቩን ግን አይቀይሩት፤ ሥራው ከዋጋው ይበልጣል። ይልቅ ጥቂት ሜትር የራሱን ሀዲድ አሮጌ ገዝተው ለብቻው ያስኪዱት። ከማስኬድዎ በፊት ይክፈቱት፤ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ቅባት እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ሞተሩም ተገትሮ ይሞቃል። መስኮት ከፍተው ማርሹን በቫሽቤንዚን (ለማጽጃ በሚሸጥ ቤንዚን) ያጽዱት፣ ሲደርቅ አዲስ ዘይት ይስጡት፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ያለቀ ከሆነ ይቀይሩ። አብሮት የመጣ የብረት ሣጥን ትራንስፎርመር ገመዱ የተሰነጠቀ ከሆነ ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት እንጂ አይሰኩት።

ጥያቄ፦ አባቴ ለገሀር ነበር የሚሠራው። ጄኔቭ ሆኜ የድሮውን የድሬዳዋ መስመር በትንሹ ልሠራ ጀምሬያለሁ። የትኛውን የሀዲድ ስፋት ልጠቀም? ዳገቱስ እስከ ስንት ይሁን? የገዛኋት ትንሽ ሎኮሞቲቭ ደግሞ መቀያየሪያ ላይ በደረሰች ቁጥር ትቆማለች።

መልስ፦ እንኳን ጻፉልኝ። ያ መስመር፣ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው፣ 1 ሜትር ስፋት ነበረው። 1,000 ሚሊሜትርን ለ87 ሲያካፍሉ 11.5 ይመጣል፤ ገበያው ላይ ኤችኦ-ኤም ተብሎ የሚሸጠው 12 ሚሊሜትር ሀዲድ ለዚህ ነው የተሠራው። እርስዎ ደግሞ ትክክለኛው አገር ነው ያሉት፤ በግራውቡንደን ያለው የሬቲሽ ባቡር ባለ1 ሜትር ስለሆነ ስዊዘርላንድ ውስጥ የዚህን ስፋት ሀዲድና ቦጊ ማግኘት አያስቸግርም። ቦጊውን ከእነሱ ወስደው አካሉን ራስዎ ይሥሩ። በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ መስመር ግን 1,435 ነው፤ ያን የሚሠራ ሰው ተራውን 16.5 ሚሊሜትር ሀዲድ ይጠቀም።

ሎኮሞቲቭዎ የምትቆመው ሁለቱ ሀዲዶች ተሻግረው በሚሾሉበት ቦታ ነው። ብዙ መቀያየሪያዎች ላይ ያ ሹል ፕላስቲክ ነው ወይም ኤሌክትሪክ የሌለው ብረት። ረጅም ሎኮሞቲቭ ግማሽ ጎማው እዚያ ላይ ሲሆን በቀረው ጎማ ይቀበላል፤ ትንሿ ግን ለቅጽበት ምንም አታገኝም። ሹሉ ብረት ከሆነ ሽቦ አውርዱለት፤ መቀያየሪያው ሲዞር አብሮ የሚዞር ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ትክክለኛው ሀዲድ ያገናኘዋል። ፕላስቲክ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያዎ ዲጂታል እስከሆነ ድረስ፣ ዲኮደሩ (ሎኮሞቲቩ ውስጥ የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ) ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ኮንደንሰር ማስገጠም ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ከዚያ እየተበደረች ትሻገራለች። እኔ ሁለቱንም ማድረግ እወዳለሁ፤ አንዱን ብቻ የሚፈቅድልዎ በጀት ከሆነ ሽቦውን ይምረጡ።

ዳገቱን በተመለከተ የጠየቁኝ፦ ከ100 ሴንቲሜትር 2 ሴንቲሜትር በላይ አይውጡ። በአንድ መስመር ላይ ሌላ መስመር ለማሻገር 8 ሴንቲሜትር ከፍታ ይዘው ካሰቡ 4 ሜትር መውጫ ያስፈልግዎታል። ጠረጴዛዎን ከዚህ ተነስተው ይለኩ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ። አፓርታማችን ጠባብ ስለሆነ ኤን የምትባለውን፣ ሀዲዷ 9 ሚሊሜትር የሆነውን ትንሽ ባቡር ገዛሁ። ስትነሳ ዘልላ ነው የምትነሳው፤ ቀስ ብላ መሄድ አታውቅም። ዘይት ላብዛላት?

መልስ፦ አያብዙባት። አዲስ ከሆነች ፉርጎ ሳይቀጥሉ በመካከለኛ ፍጥነት ወደ ፊት ግማሽ ሰዓት፣ ወደ ኋላ ግማሽ ሰዓት ያስኪዷት፤ ማርሹ ይላላል። ዲጂታል ከሆነች ዲኮደሩ ላይ ሲቪ 2 የሚባለውን ቅንብር፣ ማለትም መነሻ ቮልቱን፣ አንድ አንድ እየጨመሩ ይሞክሩ፤ በመጀመሪያው የፍጥነት ደረጃ ጎማው እንደ ሰዓት ዘንግ በዝግታ እስኪዞር። ሲቪ 3ን ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ አነሳሷ ይለሰልሳል። ቀላል ስለሆነች ትልቋ የማትሰማው ቆሻሻ እሷን ያቆማታል፤ መስኮት ከፍተው የአሸዋ አቧራ ካስገቡ በማግስቱ ሀዲዱን ይጥረጉ። ዘይቱ ፕላስቲክ የማይጎዳ የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን፤ በመርፌ ጫፍ ነክረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ብቻ ያስነኩ። ጠብታ ሆኖ የሚታይ ከሆነ በዝቷል፤ በወረቀት ጥግ ይምጠጡት፣ አለዚያ ወደ ጎማው ወርዶ ሀዲዱን ሁሉ ይቀባዋል።